ጠባቂውን ያስነሣው ሰው

«ውጣ! እዚህ ቤት ለቅሶ የምትደርስበት ምን ፊት አለህ?»

የሟቿ ወንድም እሳት ለብሶ እሳት ጎርሶ በሩን ዘግቶ ቆሟል። ደጅ ላይ አንድ ሲቪል የለበሰ ፖሊስ አንገቱን ደፍቷል። ሟቿን፣ የምክር ቤት አባሏን፣ ስምንት ወር ሙሉ የጠበቀው እሱ ነው። እሱ ከተነሣ በሁለተኛው ወር፣ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ከታክሲ ወርዳ የግቢዋን በር ስትከፍት ተኩሰው ገደሏት። ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው።

ባሏ፣ ልብስ ሰፊው፣ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ሻዩ እጁ ላይ ቀዝቅዟል።

«ምን አደረገ? ‹የመረጠኝ ሕዝብ ጠባቂ ሳይኖረው እኔ ከሰው በምን እለያለሁ› ብላ በስብሰባ የተናገረች እሷ አይደለች?» አሉ ከለቀስተኞቹ አንዱ፣ ጡረተኛ መምህር።

«እሱን ላለማሳጣት ነው ያለችው! ይሄ ሰልችቶት ነው የሄደው» አለ ወንድምዬው።

«ብትለውስ ልክ ናት» አለች አንዲት ጎረቤት። «የሰፈራችን ባለሱቅ ስትገደል ማን ጠባቂ ሰጣት? ነፍስ ነፍስ ናት።»

«ባለሱቋን ማን ዛተባት? ይቺኛዋ የተዛተባት እኮ ስለ እኛ ስለተናገረች ነው! አፋችን አድርገናት ጥይቱን ለብቻዋ?» አለ ወንድምዬው።

ሰፊው ሁሉንም ይሰማል። ያ ጠባቂ ከቤታቸው ጋር በተያያዘው የስፌት ሱቁ በር ላይ ወንበር ስቦ የሚገባውን ሰው ሁሉ ይፈትሽ ነበር። ሊለኩ የመጡ ሴቶች ቦርሳቸው ሲበረበር «ኤዲያ!» እያሉ ወደ ሌላ ሰፊ ሄዱ፤ የሙሽራ ቀሚስ ያዘዘችው እንኳ ሳትቀር። አንድ ጠዋት ምርር ብሎት፣ «ወይ እሱ ይሂድ፣ ወይ እኔ ልሂድልሽ!» አላት ሚስቱን።

«እፈራለሁ እኮ» አለችው ቀስ ብላ።

«ሰው ሁሉ ያለ ጠባቂ ይኖር የለም እንዴ? አንቺ ከሰው በምን ትለያለሽ?»

በሳምንቱ የእሱን ቃል አሳምራ፣ የራሷ አድርጋ በስብሰባ ተናገረችው። ሰው አጨበጨበላት። ባሌ አስቸገረኝ አላለችም፤ አትልማ! እንዲህ ነበረች።

ሰፊው ሆድ ይፍጀው ብሎ ሦስት ቀን ዝም ብሏል። አሁን ግን ጠባቂው እንባውን በመዳፉ እየጠረገ ሊመለስ ሲል አየው።

«ተወው!» አለ ሰፊው ተነሥቶ። «እሱ ጥሏት አልሄደም። እኔ ነኝ ያስነሣሁት፣ ደንበኛ አሸሸብኝ ብዬ። እሷ ፈርታ ነበር። ነግራኝም ነበር።»

ወንድምዬው ከበሩ ገለል አለ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ አጥፍቼ ያስነሡኝ መስሎኝ...» አለ ጠባቂው፤ አልጨረሰውም።

ሰፊው ሄዶ ከሚስቱ እናት እግር ስር ተንበረከከ። አሮጊቷ ቁልቁል አዩት።

«ልጄ ፈርታ ነበር ትለኛለህ?» አሉ። «ዛሬ ይቅር አልልህም። ነገንም እንጃ።»

«ይቅርም አይበሉኝ፣ እማማ።»

ዓይናቸው ደረቱ ላይ አረፈ። የሰው ልብስ ሲያስተካክል የኖረ ሰውዬ የራሱን ሸሚዝ አዛብቶ ቆልፎ ሦስት ቀን ሰንብቷል። አሮጊቷ በጣታቸው ቁልፎቹን ከላይ ጀምረው አንድ በአንድ ፈቱና፣ እንደገና ቆለፉለት።