የደጋሚው ክንድ

የነርስነት ትምህርት ክፍሉ ልጆች «ዶክተሯ» የሚሏት ለሙገሳ አልነበረም። መምህሩ ጥያቄውን ሳይጨርስ እጇ ሽቅብ ይወጣል፤ መልሱም ከነማብራሪያው ይዘረገፋል። ለተግባር ልምምድ ሆስፒታል ሲገቡ፣ ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አድርጋ ያጣመረችው ሲስተር ከደጋሚው ጋር አደረገቻት። ደጋሚው አምና በመድኃኒት ስሌት ወድቆ ዓመቱን እንደገና የሚማር፣ ትከሻው ሰፊ፣ አነጋገሩ ዝግ ያለ ልጅ ነው።

«እንግዲህ እሱን ስጎትት ልኖር ነው» አለች ዶክተሯ ለጓደኞቿ፣ ፊቷን አጨፍግጋ።

በሴቶች ዋርድ፣ መስኮቱ ጥግ፣ አንዲት ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ተኝተዋል። በደም ስር የሚሰጥ ግሉኮስ ታዞላቸዋል። ዶክተሯ ጓንቷን አጠለቀች፣ ክንዳቸውን አሰረች፣ በቃሏ የሸመደደችውን እያነበነበች መርፌውን ሰካች። ሳተች። ፈቀቅ አድርጋ ደገመች። ቆዳው አበጠ።

«ልጄ» አሉ እማማ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ «እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ስወጋ ኖሬያለሁ። ጨርቅ ግን አያመውም።»

ዶክተሯ መርፌውን ነቅላ ወደ ኋላ አለች። ደጋሚው ቀረበ። ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክሮ ሌላኛውን እጃቸውን ጠቀለለና ስለ ልጆቻቸው ይጠይቃቸው ጀመር። ከዚያ በጣቱ ጫፍ ቀስ ብሎ ዳሰሰ፣ አንድ ቦታ ላይ ቆመ፣ በአልኮል ጠረገና ወጋ።

«ገባ እንዴ?» አሉ እማማ።

«ገባ።»

ደጋሚው በኋላ ዶክተሯን ያገኛት አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ነው፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«እኔ ያላደረግኩት ምን አደረግክ?»

«አንቺ በዓይንሽ ነው የምትፈልጊው። የሳቸው ደም ስር አይታይም። ሲጫኑት ነጠር ይላል፤ እሱን ነው በጣትሽ መፈለግ ያለብሽ።» እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ዘረጋላት። «ጨፍኚና ፈልጊ።»

ጨፈነች። «ይሄ!»

«እሱ ጅማት ነው።»

ሳታስበው ሳቀች። ክንዱን ስትደባብስ ቆይታ «ታዲያ እንዲህ ጎበዝ ሆነህ ለምን ወደቅክ?» አለችው።

«ሚሊግራሙን ወደ ሚሊሊትር ልቀይር ስል ጭንቅላቴ ይዞራል። አምና ባዶ ወረቀት አስረክቤ ወጣሁ።»

ቀመሩን ልትተነትንለት አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ባዶ የመድኃኒት ጠርሙስ አነሳች። «ሙሉው ስንት ሚሊግራም ነው? ግማሹን ብትቀዳስ?» በግማሽ በግማሽ እያለ መልሱ ላይ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ የምሳ ሰዓታቸው እዚያው ሆነ፤ እሷ ክንዱን፣ እሱ ጠርሙሱን። ጓደኞቿ «ሰርጉ መቼ ነው?» እያሉ አሾፉባት። እሷም እንዳልሰማች ሆና አለፈቻቸው።

ሲስተር ልትፈትናቸው የመጣች ቀን መጀመሪያ የተጠየቀው ደጋሚው ነበር። የመድኃኒት መጠን ስትጠይቀው ላብ አጠመቀው። መልሱ የዶክተሯ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ ከንፈሯን ነክሳ ያዘችው። እሱ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስቶ «ሙሉው... ግማሹ... የግማሹ ግማሽ» እያለ አጉተመተመና መለሰ።

«ቆየህ» አለች ሲስተር፣ «ግን ትክክል ነህ።»

ተራው የዶክተሯ ሆነ። ታማሚዋ ደም ስሯ የጠፋ ቀጭን ሴት ነበረች። ዶክተሯ አሞቀች፣ ዳሰሰች፣ ወጋች። ሳተች። መርፌውን ነቅላ በጥጥ ያዘችና፣ «ይቅርታ እህቴ፣ ሁለተኛውን እሱ ይሞክርልሽ» አለች። ደጋሚው ሲዳስስ ጣቷን ከጣቱ አጠገብ አስቀመጠች። ነጠር የሚለውን አሁን አገኘችው።

ደጋሚው አለፈ። ዶክተሯ በዚያው ዋርድ አንድ ሳምንት እንድትጨምር ተነገራት። «መቼ ማቆም እንዳለብሽ አውቀሻል» አለቻት ሲስተር፣ «መውጋቱ ይቀርሻል።» ጓደኞቿ ሊያጽናኗት ቢከቧትም፣ እንደጠበቁት አላለቀሰችም።

በተጨመረው ሳምንት አንድ ጠዋት፣ ዶክተሯ የአንዲት አዲስ ገቢ ታማሚን ደም ስር በመጀመሪያው ሙከራ አገኘች። ያጨበጨበ የለም። ሲስተር ራሷን በአዎንታ ነቅነቅ አድርጋ ወደሚቀጥለው አልጋ ጠቆመቻት። ዶክተሯ ለደጋሚው ልትነግረው ዞር አለች፤ እሱ ግን ወደ ሕፃናት ክፍል ተዛውሯል። የመርፌ ትሪዋን አንስታ ሄደች።