የቱሳ ማሳ የተበላ ዕለት

አሰላ ከገበያው ወደ ላይ የምትወጣዋ መንገድ ስሟ ቁማር ተራ ነበር። በ1960 ዓ.ም. ከስልጢ መጥቼ የስፌት መኪናዬን ስዘረጋ፣ ግራና ቀኝ ካርታ የሚጫወቱባቸው ሰባት ቤቶች ነበሩ። ከዚያ ስንዴ ዋጋ አወጣ፤ ትራክተርም መጣ። ካራምቦላ የነበረበት ቤት ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ መሸጫ ሆነ። ቀጥሎ ያለው ጎሚስታ ተከፈተበት። ሌላው የማረሻ ዲስክ ደረደረ። በ1964 ዓ.ም. የቀረው ቁማር ቤት የጋሽ አስናቀ ብቻ ነበር። እሱም ቤቱን ለናፍጣ ሻጭ ሊያከራይ ተነጋግሮ ጨርሷል ይባል ነበር።

ረዲ እባላለሁ። የምሰፋው ከአስናቀ ቤት ፊት ለፊት፣ ዙቤዳ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ዙቤዳ ጨርቅ ነጋዴ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሱቁን ብቻዋን ይዛዋለች። ታናሽ ወንድሟ ቱሳ ሳጉሬ አጠገብ የአንድ ባላምባራስ ጢሰኛ ነበር። ሽማግሌው ሲሞቱ መሬቱ ለልጃቸው ለሀብተ ማርያም ደረሰ። ሀብተ ማርያም ደግሞ ካርታ ይወዳል።

ኅዳር ውስጥ ነው፤ የቅዳሜ ገበያ ሞቅ ሲል ቱሳ በፈረስ መጣ። ፈረሱ አረፋ ደፍቋል። ሰላም እንኳ አላለንም።

«የት ነው ያለው?» አለ።

«ማን?» አለችው ዙቤዳ።

«የባላምባራስ ልጅ። መሬቱን ለካርታ አስይዞ እየተጫወተ ነው አሉኝ። ከዚያ ትራክተር ካለው ሰውዬ ጋር።»

አንድ እጁ ጋቢው ውስጥ ነው። ሲዞር የጩቤ ሰገባ አየሁ። ዙቤዳም አይታለች። ድምጿን ግን አልለወጠችም። በኦሮምኛ፣ «ግባ እስኪ፣ ፊትህን ታጠብ፤ ጓዳ ውኃ አለ፤ ከዚያ አብረን እንሄዳለን» አለችው። ገባ። የሱቁን በር ከውጭ ዘጋችና ጓጉንቸሩን ቀረቀረችው። ቁልፉን እኔ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው።

«አንተ ያዘው። እኔ ጋ ካለ እከፍትለታለሁ» አለችኝ።

ነጠላዋን ተከናንባ መንገዱን ተሻገረች። ብቻዋን ልተዋት አልቻልኩም፤ ተከተልኳት። ከኋላችን ቱሳ በሩን መደብደብ ጀመረ።

ጋሽ አስናቀ ደጃፉ ላይ ቆሟል። «ዙቤዳ፣ አንቺ እዚህ ምን አለሽ?»

«ደም እንዳይፈስ ነው የመጣሁት» አለችው። መንገድ ለቀቀላት።

ጠረጴዛው ዙሪያ አምስት ሰዎች ነበሩ። የሚጫወቱት ግን ሁለት ናቸው። ሀብተ ማርያም የሸሚዙ አንገት በላብ ርሷል። አሰግድ፣ የትራክተሩ ባለቤት፣ ባርኔጣውን እንኳ አላወለቀም። በመካከላቸው የመሬቱ ወረቀት ብርጭቆ ተደፍቶበታል።

«ምንድነው የሚደበደበው?» አለ ሀብተ ማርያም።

«ወንድሜ ነው» አለች ዙቤዳ። «ጩቤ ይዞ ቢመጣ ቆለፍኩበት።»

ወንበሮች ተንኳኩ። አንዱ «ፖሊስ ጥሩ!» አለ።

«ፖሊስ እሱን ይወስደዋል። ነገ ግን ሌላው ይመጣል። በዚያ መሬት ላይ ስድስት አባወራ አለ» አለችና ወደ ሀብተ ማርያም ዞረች። «ጌታዬ፣ አባትዎ እኮ አባቴ ሲቀበር መቃብሩ ላይ ቆመው አልቅሰዋል። ይተዉት። ወረቀትዎን ይዘው ይነሱ።»

ቀና ብሎ አያት። የሚነሳ መሰለኝ፤ እጁ ወደ ወረቀቱ ሄዶ ነበር። አሰግድ ፈገግ አለ። ያቺ ፈገግታ አበላሸችው።

«ዞር በይ!» አለና ካርታውን ገለጠ።

አሰግድ የራሱን ቀስ ብሎ ዘረጋ። ሀብተ ማርያም ካርታዎቹን ደጋግሞ ተመለከተ፤ የሚለወጡ ይመስል። ከዚያ ኮቱን ትቶ በጓሮ በር ወጣ።

ዙቤዳ አላለቀሰችም። «አቶ አሰግድ፣ ሁለት ነገር እለምንዎታለሁ» አለች። «ስንዴው ቆሟል፤ ታጭዶ እስኪገባ ይጠብቁ። የአባቴ መቃብርም እዚያው ነው፤ ትራክተር አይንካው።»

«እኔ ባዶ መሬት ነው የምፈልገው፤ ሰኞ ትራክተሩን ነው የማስገባው…»

ከማዶ እንጨት ሲሰነጠቅ ተሰማ። ሁሉም ወደ መንገዱ ዞሩ። እኔ ኪሴ ውስጥ ቁልፉን ጨበጥኩ። የአሰግድም ፊት ሲለወጥ አየሁ።

«ይሁን» አለ።

«ይማሉልኝ» አለች ዙቤዳ።

«ሚካኤልን! ታጭዶ እስኪገባ አልነካውም። መቃብሩንም።»

«ጋሽ አስናቀ፣ ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ» አለ አስናቀ። እሱም ላብ አጥምቆታል።

ስንመለስ የበሩ አንድ ሳንቃ ተሰንጥቋል፤ በስንጥቁ የቱሳ እጅ ደምቶ ይታያል። ዙቤዳ ደፉ ላይ ተቀመጠችና ሁሉንም ነገረችው። ድብደባው ቆመ።

«ተበላ?» አለ ከውስጥ።

«ተበላ። ስንዴው ግን የእናንተ ነው።»

ዙቤዳ ከደፉ ተነሳች። «ክፈትለት» አለችኝ። ከፈትኩ። ቱሳ ጩቤውን እንደያዘ ወጣ። ልክ በዚያች ሰዓት ሀብተ ማርያም በጓሮ ዞሮ፣ ያለ ኮት፣ መንገዱ ላይ ብቅ አለ። ከእኛ አሥር እርምጃ ቢርቅ ነው። ቱሳን ሲያይ ደርቆ ቀረ። ዙቤዳ ወንድሟን አልያዘችውም። እጇን አጣምራ ቆመች እንጂ።

ቱሳ ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ጩቤውን ሰገባው ውስጥ ከተተና፣ «አጨዳ አለብን» ብሎ ፈረሱ ላይ ወጣ።

ስንዴው ታጨደ፣ ተወቃ፣ ገባ። አሰግድ መሐላውን ጠበቀ። በሳምንቱ ግን ትራክተሮቹ ገቡ። ከስድስቱ አባወራ ገሚሱ ወደ ጢቾ፣ ገሚሱ ወደ ሮቤ ተበተነ። ቱሳ አሰላ መጥቶ ወፍጮ ቤት ተሸካሚ ሆነ። ከእህቱ ጋር ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ማዕድ አልቆረሰም። «እንደ ከብት ቆለፈችብኝ» ይል ነበር።

በ1966 የአዲስ አበባው ወሬ እዚህም ደርሶ ሰው ሁሉ ስለ መሬት ጮክ ብሎ ማውራት ጀመረ። በዚያው ሰሞን ቱሳ ሱቁ በር ላይ መጥቶ ቆመ። ሀብተ ማርያምን ገበያ ውስጥ አይቶት ኖሯል፤ ራሱ ቱሳ ሰላም ብሎት አልፏል።

«ያን ቀን ገድዬው ቢሆን ኖሮ…» አለና አልጨረሰውም።

ዙቤዳ ጨርቁን መለካቷን አላቆመችም። «ምሳ በልተሃል?» አለችው።

«አልበላሁም» አለና ገባ።