ለማዶ ሚካኤል ጣሪያ የተጻፈ ወረቀት

ከቡሬ ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ፣ ከወንዝ ባሻገር ስለተተከለ ማዶ ሚካኤል ተብሎ የሚጠራ ክብ ቤተ ክርስቲያን አለ። የቆርቆሮ ጣሪያው ዝጎ ማፍሰስ ከጀመረ ሦስት ክረምት አልፎታል። በዚያ ዓመት ከጥምቀት በኋላ የሰበካ ጉባኤው ተሰብስቦ ጣሪያው ፈርሶ እንደ አዲስ እንዲሠራ ወሰነ። ሥራውን የሚፈልግ አናጢ ሁሉ አሠራሩን በጽሑፍ አስረድቶ እንዲያቀርብ፣ ወረቀቱም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በምእመናን ፊት እንዲነበብ ተባለ።

ቀድሞ እንዲህ ያለ ወግ አልነበረም፤ አናጢ የሚመረጠው በስሙ ነበር። ነገር ግን ከሁለት ዓመት በፊት አጥሩን የሠራ ሰው፣ "እንዲህ ብዬ አልተናገርሁም" እያለ ሽማግሌዎቹን አንድ ክረምት ሙሉ ሲያንገላታ ከረመ። ስለዚህ የጉባኤው ጸሐፊ መሪጌታ ክንፈሚካኤል፣ "በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል፤ ከእንግዲህ በወረቀት ይሁን" ብለው አስወሰኑ።

ውሳኔው ከማንም ይልቅ የከበዳቸው አያ ባምላኩ ነበሩ። አያ ባምላኩ የስድሳ ሦስት ዓመት አናጢ ናቸው። አሁን የሚያፈሰውን ጣሪያ ያኖሩት አባታቸው ሲሆኑ፣ እሳቸውም ያን ጊዜ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሆነው ከታች ማገር አቀብለዋል። ጉልበታቸው መሰላል እየጠላ ስለመጣ ከዚህ በኋላ ሌላ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ እንደማያገኙ ያውቁታል። የአባታቸውን ሥራ በእጃቸው አውርደው በእጃቸው መልሰው ማኖር፣ ከዚያም መሣሪያቸውን ጠቅልለው ማስቀመጥ፤ የሚመኙት ይህን ብቻ ነበር።

ፊደል የቆጠሩት በአርባ ዓመታቸው ነው። ወራጅ ሲቆርጡ ተራው እንዳይጠፋ በከሰል ሀ፣ ሁ፣ ሂ እያሉ ምልክት ያደርጉበታል፤ ዳዊትም ቀስ እያሉ ያነባሉ። አንድ ሙሉ ገጽ ግን ጽፈው አያውቁም። በዕድሜያቸው ወረቀት ያስፈለጋቸው ለአቤቱታ ብቻ ነበር፤ ለመሬት ክርክር፣ ለማዳበሪያ፣ ለቀጠሮ። ያንን ሁሉ የጻፈላቸው ቡሬ ላይ ከመሥሪያ ቤቶች አጥር ሥር በጃንጥላ ተከልሎ የሚውለው ማመልከቻ ጸሐፊ ቢሰጥ ነው። አሁንም ወደ ቢሰጥ ሄዱ።

"አያ፣ ስንት ልጅ አለዎት?" አለ ቢሰጥ፣ ወረቀቱን በጉልበቱ ላይ እያስተካከለ።

"አምስት። ልጆቼ ለጣሪያው ምን ይሆኑታል?"

"አንጀት ይበላሉ። ታመው ያውቃሉ?"

"ጉልበቴን ይቆረጥመኛል።"

"እሱ ጥሩ ነው" አለና ጻፈ።

"ስለ ወራጁ አትጽፍም? ስለ ርዝመቱ፣ ስለ ማገሩ..."

"ይደርሳል፣ አያ። መጀመሪያ ሰሚ ማግኘት ነው። በዚህች ጃንጥላ ሥር ሃያ ዓመት ስጽፍ ያላስለቀሰ ማመልከቻ ሲሳካ አላየሁም።"

እንጨት የአያ ባምላኩ፣ ወረቀት የቢሰጥ ሙያ ነው፤ በሰው ሙያ መግባት ደግሞ ነውር ነው። ሲያልቅ ሊያነቡት ሞከሩ፤ ጽሕፈቱ እንደ ሐረግ የተጠላለፈ ስለሆነባቸው ፈርመው አጠፉትና በኪሳቸው ከተቱት።

እሑድ የቀረበው ወረቀት ሁለት ብቻ ነበር። አንደኛው አንዷለም የሚባል፣ ሙያውን በትምህርት ቤት የተማረ የፍኖተ ሰላም አናጢ ያቀረበው ነው። መሪጌታ ክንፈሚካኤል አንድ ቦታ እንኳ ሳይደናቀፉ አነበቡት፤ የቆርቆሮው ዓይነት፣ የወራጁ ብዛት፣ ሥራው የሚወስደው ጊዜ በየተራው ተገልጿል። ሕዝቡ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሁለተኛው ተከፈተ።

"'እኔ አመልካች፣ በእርጅናዬ ላይ ሕመም የተጨመረብኝ፣ የአምስት ልጆች አባት፣ ጧሪና ረዳት የሌለኝ ምስኪን፣ ከክቡር ጽሕፈት ቤትዎ እግር ሥር ወድቄ...'"

መሪጌታ እስከ ታች አነበቡና ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩት። ጀርባው ባዶ ነበር።

"መሪጌታ!" አለ አንድ ሰው ከኋላ። "ምጽዋቱን አሁን እናዋጣ ወይስ ለሚመጣው እሑድ?"

"ኧረ ለራሳቸው ቤት ነው ጣሪያ የሚለምኑት!" አለ ሌላው።

ሳቁ ከወንዶቹ ወደ ሴቶቹ ተሻገረ። አያ ባምላኩ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፍነው መሬት መሬት ያዩ ነበር። ሳቁ ሲበርድ መሪጌታ ቀስ ብለው፣ "አያ ባምላኩ፣ አባትዎን እናውቃለን፤ እጅዎንም እናውቃለን። ይህ ወረቀት ግን ስለ ችግርዎ እንጂ ስለ ጣሪያው አልነገረንም። እስከሚመጣው እሑድ ሌላ ያምጡ" አሉ። አንዷለምም፣ "ይጻፉ፤ እኔም እሰማለሁ" ብሎ ፈቀደ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ባለቤታቸው ወይዘሮ ያይኔአበባ ከወንዙ ቀድመው ደረሱ። ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ሲሻገሩ እጃቸውን ዘረጉላቸውና፣

"ና፣ ረዳት የሌለህ፣ እጅህን ስጠኝ" አሉ። "አርባ ዓመት ስረዳ የኖርሁት ማንን ኖሯል?"

"ቢሰጥ ነው እንዲያ ብሎ የጻፈው።"

"የፈረመውስ?"

አያ ባምላኩ የተዘረጋላቸውን እጅ ይዘው ተሻገሩ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ወደ መምህርት ሰብሊ ሄዱ። ሰብሊ የጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ በአካባቢው ትምህርት ቤት አማርኛ ታስተምራለች። "አትጻፊልኝ" አሏት። "ስጽፍ ብቻ እዪኝ።"

እስከ ማክሰኞ ማታ ታግለው አንድ ገጽ አወጡ። ሰብሊ ተቀምጣ አነበበችው። የተሳሳቱትን ፊደሎች አረመች፣ የተጣበቁትን ቃላት ለያየች፣ ሐሳቡ በሚያልቅበት ሁሉ አራት ነጥብ አኖረች። ገጹ በእርማት ሲሞላ አያ ባምላኩ ቅር አላቸው።

"ልጄ፣ አንድ ነጥብ ቢጎድል ጣሪያ ያፈሳል?"

"አንድ ምስማር ቢጎድልስ፣ አያ?"

"በአንድ እንኳ አያፈስም።"

"ሃያ ቢጎድል?"

"ያን ጊዜማ የሠሪውን እጅ እጠራጠራለሁ።"

"የሚያነብዎም ሰው እንደዚሁ ነው፤ እጅዎን የሚያየው በዚህ ነው" አለችና ወደ ሐሳቡ ገባች። "'አሮጌው ይወርዳል' ብለዋል። ማን ነው የሚያወርደው?"

"እኔ ነኛ!"

"አልጻፉትም።"

"ማንም አናጢ ያውቀዋል።"

"የሚያነቡት መሪጌታ ናቸው፤ አናጢ አይደሉም። 'አዲሱ ወራጅ ይቀመጣል' ብለዋል። በምን ላይ?"

"በቋሚዎቹ ላይ። አሥራ ሁለት ናቸው፤ የቅድስቱን ዙሪያ ይዘው የቆሙት።"

"እሱንም ይጻፉት። ከምን እንጨት እንደሆኑ፣ አሁን በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉ።"

አያ ባምላኩ ረቡዕ ጠዋት ከደጃቸው ተቀምጠው እንዲህ ብለው ጻፉ፦ "ወራጁ የሚያርፈው በአሥራ ሁለት የጥድ ቋሚዎች ላይ ነው። ቋሚዎቹ ደኅና ናቸው።" ከዚህ በኋላ ብዕራቸው ቆመ። በአፋቸው ቢሆን ደኅና ናቸው ብለው ወደ ሌላው ያልፉ ነበር፤ ስንት ጊዜ እንዲህ ብለው አልፈዋል። በወረቀት ላይ፣ ስማቸው ከሥር ሊቀመጥበት፣ ያቺ አጭር ዓረፍተ ነገር አላሳልፍ አለቻቸው። ደኅና መሆናቸውን ማን አየ? ቋሚዎቹን ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ስእለት ያለበት ሰው ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ የዘይት ቀለም አስቀብቷቸዋል። ከዚያ ወዲህ የታየው ቀለሙ ብቻ ነው።

ሐሙስ መሮና መዶሻቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ማዶ ሚካኤል ወረዱ። አስፈቅደው ገቡና ከእያንዳንዱ ቋሚ ሥር ተንበርክከው መሮውን ሞከሩ። ዘጠኙ እንደ ድንጋይ መሮውን መለሱት፤ ከተነካው ላይም የጥድ ሽታ ወጣ። በምዕራብ በኩል ያሉት ሦስቱ ግን እንደ ዳቦ ዋጡት። ቀለሙንና ከሥሩ ያለውን ምርጊት ፋቅ አድርገው ቢያዩ ጥድ አይደሉም፤ ባሕር ዛፍ ናቸው። ውስጣቸውን ምስጥ ጨርሶታል።

ቋሚዎቹን ያቆሟቸው፣ እሳቸው ማገር ሊያቀብሉ ከመምጣታቸው በፊት፣ አባታቸው ናቸው። በአገሩ ሁሉ "የእሱ እንጨት አይዋሽም" የተባለላቸው ሰው፣ ሦስቱን በባሕር ዛፍ ሞልተው በጭቃ መርገው ዝም ብለው ኖረዋል።

ዓርብን ሙሉ አልጻፉም። ነገሩን ከየትኛውም ወገን ቢያዩት አይጠቅማቸውም። ሦስቱ ቋሚዎች መለወጥ አለባቸው ከተባለ፣ እርጥብ ጥድ ተቆርጦ እስኪደርቅ ክረምቱ ይገባል፤ ጣሪያው ለከርሞ ይተላለፋል። የከርሞ ጉልበታቸውን ደግሞ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው። የአንዷለም ወረቀት ስለ ቋሚዎቹ አንድም ቃል አልተናገረም፤ እሳቸውም ዝም ቢሉ የሚጠይቃቸው የለም። ቅዳሜ በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ላይ፣ "ቋሚዎቹ ወደፊት ይታያሉ" ብለው ሞከሩ። ወዲያው የሰብሊ ጥያቄ መጣባቸው፤ ማን ነው የሚያያቸው? ሰረዙት። "ሦስቱ በባሕር ዛፍ ተሠርተዋል" አሉ። ማን ሠራቸው?

ወይዘሮ ያይኔአበባ በአጠገባቸው ሲያልፉ ብጣሹን አዩ። ማንበብ አይችሉም፤ ስርዙን ግን አዩት።

"ምንድን ነው የምትጽፍ የምትሰርዘው?"

ነገሯቸው። ወይዘሮ ያይኔአበባ፣ "ከሥሩ ደግሞ የምትፈርመው አንተ ነህ" አሉና አለፉ።

እሑድ መሪጌታ ክንፈሚካኤል ወረቀቱን ሲዘረጉ ከኋላ ጉሮሮውን ለሳቅ የጠረገ ሰው ነበር። መሪጌታ ግን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ሳይደናቀፉ ወረዱ፤ እያንዳንዱ ሐሳብ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያልቅ ግልጽ ነበርና ድምፃቸውም እየጠራ ሄደ። አሮጌውን ማን እንደሚያወርድ፣ ወራጁ ስንት ክንድ እንደሚሆን፣ ማገሩ በምን ያህል እንደሚራራቅ ተነበበ። ወደ መጨረሻው ሲደርሱ ዝግ አሉ።

"'ከቋሚዎቹ ዘጠኙ ጥድ ናቸው፤ ደኅና ናቸው። በምዕራብ በኩል ያሉት ሦስቱ ባሕር ዛፍ ናቸው። ሦስቱንም ያቆሟቸው አባቴ ናቸው። ሦስቱንም ምስጥ በልቷቸዋል፤ እኔ ባምላኩ በመሮ ፈትሼ አይቻለሁ። እነዚህ ሳይለወጡ ማንም ሰው፣ እኔም ብሆን፣ ጣሪያ ሊያኖርባቸው አይገባም።'"

የሳቀ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ገቡ፤ አንዷለምም ተከተላቸው። ሲወጣ በጣቶቹ መካከል የምስጥ አፈር ይዞ ነበር።

"እኔ ቀለሙን አይቼ ነው ያለፍሁት" አለ ሰው ሁሉ እየሰማው። "ሠርቼው ቢሆን ክረምት ላይ በካህናቱ ራስ ላይ ነበር የሚወርደው።"

ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት ደግሞ ወደ አያ ባምላኩ ዞረው፣ "ያን ዓመት ጥድ ጠፍቶ ነበር" አሉ። "አባትህ እስኪገኝ እንቆይ ብሎ ነበር። ለንግሥ ይድረስ ብለን ያቻኮልነው እኛ ነን። ይህ ግን በየትም አልተጻፈም።"

ጉባኤው ዘንድሮ ቋሚዎቹ እንዲለወጡ፣ ጣሪያው ለከርሞ ከመስቀል በኋላ እንዲሠራ ወሰነ። ሥራው የሚሠራበት ወረቀት የአያ ባምላኩ ወረቀት እንዲሆን ተስማሙ። አያ ባምላኩ ግን ተነሥተው፣ "ለከርሞ መሰላል እወጣለሁ ብዬ ልፈርም አልችልም" አሉ።

"ወረቀቱን ከሰጡኝ ላዩን እኔ እወጣዋለሁ፣ አያ" አለ አንዷለም።

አያ ባምላኩ ሲመኙት የኖሩት በእጃቸው ሊሠሩት እንጂ ሊያስነብቡት አልነበረም። ቢሆንም፣ "እንግዲያው በደንብ ገልብጠው" አሉት። "ነጥቡንም ሳታስቀር።"

በተከታዩ ዓመት፣ በጥቅምት፣ አንዷለም አሮጌውን ቆርቆሮ ከነቀለ በኋላ ወራጆቹን አንድ በአንድ በገመድ ያወርድ ጀመር። ሦስቱ አዲስ የጥድ ቋሚዎች ቀለም ሳይቀቡ ቆመዋል። አያ ባምላኩ ከታች ሆነው የሚወርደውን ሁሉ በእጃቸው ይቀበላሉ፤ ለሌላ ሰው አልተዉም።

"አያ!" አለ አንዷለም ከላይ። "ማገሩ በስንት ነው የሚራራቀው?"

"ወረቀቱ ኪስህ ውስጥ አይደል?"

"እጄ ተይዟል!"

"እንግዲያው ስማ" አሉና የራሳቸውን ቅጂ አውጥተው፣ ዳዊት እንደሚያነቡ ቀስ ብለው አነበቡለት።

ከወረዱት ወራጆች ጫፍ ላይ በመጥረቢያ የተቀረጹ ምልክቶች ነበሩ፤ አንዱ ላይ አንድ ጭረት፣ ሌላው ላይ ሁለት፣ ሌላው ላይ ሦስት። አባታቸው ፊደል አያውቁም ነበርና ተራውን የያዙት በዚህ ነው። አያ ባምላኩ ወራጆቹን እንደ ጭረታቸው በተራ በተራ ከግድግዳው ሥር ደረደሯቸው። ከዚያ ከሰል አንሥተው ወደ አዲሶቹ ወራጆች ዞሩና በመጀመሪያው ላይ ሀ ብለው ጻፉ።