ጌጧን ያወለቀችው ሴት

ኢዮብ ከሐይቁ ዳር ያመጣውን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈው፤ ከቆርኪ ሰፋ ያሉ፣ እንደ ከሰል የጠቆሩ ሦስት ክብ ብረቶች።

«ይኸው እማማ! ‹በፈንጂ ማሰሻ ትጫወታለህ› ሲሉኝ አልነበር?» አላቸው አማቱን።

ወይዘሮ ሥርጉት ብረት የሚፈልግበትን መሣሪያ አይወዱትም። ኢዮብ በየእሑዱ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፍቶ፣ ጫፉ የድስት ክዳን የመሰለ ዘንግ እያወዛወዘ ሰኒሳይድ በሚባለው የሐይቁ ዳር አሸዋ ላይ ሲመላለስ ይውላል። እርሳቸው እንዲህ ያለውን ዘንግ ያዩት ወደ ሱዳን ሲሰደዱ፣ በወታደር እጅ ነው። ዘንጉ ከጮኸ ሰው ሁሉ በቆመበት ይደርቃል። ታዲያ አማቻቸው ሲጮህለት ደስ ብሎት መቆፈሩ እንዴት ይዋጥላቸው?

«ከመሬት የወጣ ነገር እርጉዝ ያለችበት ቤት ይዞ ይገባል?» አሉ።

«እማዬ፣ ድንች ከየት የሚወጣ መሰለሽ?» አለች ልጃቸው አጸደ ከሶፋው ላይ፣ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ እየሳቀች።

ወይዘሮ ሥርጉት አልሳቁም። አጸደ ወሯ ገብቶ ቀን እየቆጠረች ነው። የመጀመሪያ ልጇን ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ ወልዳ በሦስተኛው ቀን ቀብራታለች። ፈረንጅ አገር መጥተው ፓርክዴል ከገቡ ወዲህ እናትየው የሚለምኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኼኛው ይቆይላት።

እንዲያም ሆኖ እጃቸው አላረፈም። አንዱን ብረት በጨውና በሎሚ ያሹት ጀመር። ጥቁረቱ ሲለቅ ብር ሆኖ ወጣ። ከብሩም ላይ ወደ ጎን የዞረ የሰው ፊት ብቅ አለ። ከፊቱ ሥር ቁጥር ነበረበት። መነጽራቸውን አጠለቁ። 1780።

«ማርትሬዛ ናት!» አሉ።

አባታቸው ወረኢሉ ላይ የማር ነጋዴ ነበሩ። ገዢ ማርትሬዛ የሚሏትን ጠገራ ብር ሲያመጣ የምትመረምረው ዓይነ ስሏ ልጅ ሥርጉት ነበረች። ብሩ ላይ ያለችው ሴትዮ ሻሽ አላት፤ ፀጉሯ ላይም፣ ትከሻዋ ላይ ባለው ጌጥም እንክብል ተደርድሯል። የትከሻዋ እንክብል ዘጠኝ ካልሞላ ገበያተኛ አይቀበላትም። ቁጥሯ ደግሞ የትም አገር ብትመታ ከ1780 ዝንፍ አይልም። ያኔ ከጀርባ ነበር የሚጻፈው፤ አሁን ወደ ፊቷ ዞሯል እንጂ ቁጥሩ ያው ነው።

በጥፍራቸው እየዳሰሱ ቆጠሩ። ምንም የለም። ሻሽ የለም፣ እንክብል የለም። ፀጉሯ ተፈትቶ ትከሻዋ ላይ ወርዷል።

ብሩን ጠረጴዛው ላይ መለሱት።

«ጌጧን አውልቃለች» አሉ በቀስታ። «ሐዘን ገብታለች።»

«ማን?»

«ሴትዮዋ ናታ። ሰው ካልሞተባት ፀጉሯን ምን አስፈታት?»

«እስቲ ኮል አድርጊላት፣ ለቅሶ እንድንደርሳት!» አለች አጸደ፤ ኢዮብም በሳቅ ፈረሰ።

ለወይዘሮ ሥርጉት ግን የታያቸው ሌላ ነው፤ ማንም ሳይጠራት በር ከፍታ የገባች ሐዘንተኛ። ሐዘንተኛ ደግሞ ያለ ምክንያት ሰው ቤት አትቀመጥም። ሌሊቱን ሙሉ የአጸደን ትንፋሽ ሲያዳምጡ አደሩ። ጠዋት ኢዮብን ፋታ ነሱት፤ ይቺ ማን እንደሆነች ዛሬውኑ ይወቅ!

ኩዊን መንገድ ላይ አሮጌ ሳንቲም የሚገዛ ሽማግሌ ነጭ አለ። እሱ ዘንድ ወሰዳቸው። ሽማግሌው ዓይኑ ላይ ማጉያ ሰክቶ የጸዳውን ብር መዘነ፤ ሃያ ሰባት ግራም። ገለበጠው። ከጀርባው ሁለት ምሰሶዎች ጋሻ መሐል አድርገው ቆመዋል። ከዳር ኤም የምትባለዋ ፊደል አናቷ ላይ ትንሽ ክብ ደፍታለች። በጣቱ እያሳየ ያወራል፣ ኢዮብ ያስተረጉማል።

«የእስፓኝ ብር ነው ይላል። ፊደሏ ሜክሲኮ መመታቱን ነው የምትናገረው። ድሮ እዚህም አገር ይገበያዩበት ነበር። ፊቱ የንጉሡ ነው፣ ካርሎስ ይባላል።»

«ወንድ ነው?»

«ወንድ ነው፣ እማማ።»

«እሰይ! ወንድ ነው! ፀጉሩን ምን አስረዘመው ታዲያ? ሰው አስደንግጦ!» ወይዘሮ ሥርጉት ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ሽማግሌውም ምን እንደሆነ ሳይገባው አብሯቸው ሳቀ።

ሁለተኛውን ፈሳሽ ውስጥ ነከረው። ያው ንጉሥ ነው። ሦስተኛውን መዘነና ሳቁን አቆመ። ደግሞ መዘነው። ሃያ ስምንት። ነከረው፣ በጨርቅ ጠረገው፣ ወደ እነሱ ገፋ አደረገው።

ወይዘሮ ሥርጉት አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። ሻሽ፣ ሞላ ያለ ደረት፤ ከጀርባ ባለ ሁለት ራስ ንስር። በልጅነት ያወቁት ፊት ነው። እንክብሎቿ ግን በአገልግሎት ብዛት ተፍቀው አላለቁም፤ ተነቅለዋል። አንድ በአንድ፣ በሹል ነገር፣ በትዕግሥት። ትከሻዋ ላይ ዘጠኝ ጉድጓድ ቀርቷል።

«ይቺ ከእነዚያ ጋር እንዴት እንደተገኘች አላውቅም ይላል» አለ ኢዮብ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማን እንዲህ እንዳደረጋትም።»

«ማንም አላደረጋት። ራሷ ናት ያወለቀችው። ደውል።»

«የት?»

«ቤት! አሁኑኑ ደውል!»

በሽማግሌው ስልክ ደወለ። ያነሳችው ጎረቤታቸው ኤልፍነሽ ናት። «የት ነው የጠፋችሁት? ምጥ ያዛትኮ! አምቡላንስ ኮል አድርጌ አሁን ወሰዷት!» ጩኸቷ ለወይዘሮ ሥርጉትም ተሰማቸው።

ሆስፒታል ሲደርሱ ኢዮብን አስገቡት፤ እርሳቸውን ኮሪደር ላይ አስቀመጧቸው። አንድ ሰዓት ጠበቁ፣ ሁለት ሰዓት። ነጭ ጫማ ያደረጉት ሁሉ በፊታቸው ያልፋሉ፣ ማንም የሚገባቸውን አንድ ቃል አይነግራቸውም። ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣላቸው። ያቺ የብሯ ሴት የመጣችው ሐዘንተኛ ፍለጋ ከሆነ፣ ሐዘንተኛ ታግኝ። እኔ ልቅደምላት። አንድ ጊዜ ከተለቀሰ ሌላ ምን ትፈልጋለች?

መታጠቢያ ክፍል ገቡ። የወርቅ ጉትቻቸውን አወለቁ። ሹሩባቸውን ፈቱት። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ጥለቱን ወደ አንገታቸው አመጡት፤ አገር ቤት ሐዘን የገባት እንደምትለብሰው። ከዚያ ድምፃቸውን ውጠው አለቀሱ። የማንንም ስም አልጠሩም፤ ስም መጥራት ፈሩ። ቀና ሲሉ መስተዋቱ ውስጥ ጌጥ የሌላት፣ ፀጉሯ የተፈታ ሴት ወደ ጎን ዞራ ቆማለች። እርሳቸው ግን ፊት ለፊት ነበር የሚያዩት።

ሮጠው ወጡ። ኮሪደሩ ላይ አንዲት ነርስ ስትፈልጋቸው ኖሮ፣ ፈገግ ብላ ክንዳቸውን ይዛ አጸደ የተኛችበት ክፍል አስገባቻቸው። ምን እንደለበሱ ትዝ ያላቸው የልጃቸውን ዓይን ሲያዩ ነው።

አጸደ መጀመሪያ ነጠላውን አየች። ቀጥሎ ፀጉራቸውን። አጠገቧ ሕፃን የለም፤ ሊያጥቡት ወስደውታል።

«ልጄ ሞተ?»

«ኧረ አጸድዬ—»

«ልጄን! ሞተ አይደል? ኢዮብ፣ ደበቅከኝ!» ከአልጋው ልትወርድ ስትፍጨረጨር ኢዮብ ያዛት፤ የሱም ከንፈር ነጭ ሆኗል። ቅድም በዓይኑ ያየው ልጅ በሕይወት መኖሩን እሱም ተጠራጠረ። ነርሷ የተጠቀለለውን ሕፃን ይዛ እየሮጠች ገባች። ወንድ ነው። ጡት ሲጎርስ ነው እናቱ መንቀጥቀጥ ያቆመችው።

«በቁሜ አለቀስሽብኝ» አለች አጸደ፣ ሳታያቸው።

«ላንቺ አይደለም፣ የኔ ልጅ።»

«ለሱ ነዋ!»

«ለሱም አይደለም።»

«ታዲያ ለማን ነው?»

ይኼኔ ክፍሉን ለሁለት ከከፈለው መጋረጃ ወዲያ ካለው አልጋ፣ አንዲት ሴት ትራስ ነክሳ ስታለቅስ ተሰማ።

«የሷ አልተረፈም» አለ ኢዮብ በሹክሹክታ። «ቅድም፣ እርስዎ ኮሪደር ላይ እያሉ ነው።»

ስም ያልጠሩለት ለቅሶ ባለቤቱን አግኝቷል።

«እማዬ» አለች አጸደ፣ አሁን ድምፅዋ ለስልሶ፤ «ነጠላሽን አስተካክይ።»

እጃቸውን ወደ ጥለቱ ሰደዱ፣ ግን ሳያስተካክሉት እጃቸውን መለሱ። ከዚያ ወንበር ጎትተው መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ገቡ። ሴትዮዋ ፈረንጅ ናት፣ ወጣት። ቋንቋዋን አያውቁም፣ ቋንቋቸውን አታውቅም። ማን ነዎት አላለችም፣ አልደነገጠችም። ልብሳቸውን ካየች በኋላ፣ ስትጠብቃቸው የቆየች ይመስል፣ አልጋው ጥግ ላይ ቦታ ለቀቀችላቸው።