የኤልናታን ንጹሕ እጅ

«አባትህ ንጹሕ እጅ ይዞ ነው ወደ ፈጣሪው የሄደው» አለ የሟቹ የኤልናታን የእምነት ወንድም ፊንሐስ፣ በአስከሬኑ ራስጌ ቆሞ የአሳፍን ትከሻ እንደያዘ። «አንተም በምርጫ እጅህን እንዳታቆሽሽ ቃል ግባልኝ።»

የሟች ሚስት መሂታቤል ለለቀስተኛው የፖም ኬክ እየቆረጠች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ንጹሕስ ንጹሕ ነው፤ ጠዋት ያጠብኩት እኔ ነኝ። ጲላጦስም ታጥቦ ነበር፣ ወንድሜ።»

ለቀስተኞቹ ሳህናቸው ላይ አቀረቀሩ። ዕለቱ የምርጫ ቀን ነው፤ ድምፅ የሚሰጠው ከመንገዱ ማዶ፣ አንጥረኛው ቤት። ኤልናታን ግን ዕድሜ ልኩን ለምርጫ ያንን ደጃፍ አልረገጠም። ባርነትን በሚጠብቅ ሕግ ሥር ድምፅ መስጠት ለእሱ ከባሪያ ነጋዴ ጋር አብሮ መቁረብ ነበር። በኦሃዮ ወንዝ ዳር ባርነትን እንደ እሱ የሚጠላ አልነበረም፤ ባርነት ካለበት ማዶ ወንዙን ተሻግሮ ላመለጠ ሁሉ በሩ ክፍት ነበር። ሰው እንዲህ ደግ ሆኖ እንዲህ ያናድዳል?

ባለፈው ምርጫ የአውራጃው ሕግ አስከባሪ የሆነው ሸሪፍ አምላጮችን እያደነ ለጌቶቻቸው እንደሚመልስ እያወቁ፣ ኤልናታንና የእምነት ወንድሞቹ ቤታቸው ተንበርክከው ዋሉ። ሸሪፉ በጥቂት ድምፅ ብልጫ አሸነፈ። በበረዶው ወራት መጣና ከባርነት ያመለጠችውን ሮዳን ከነልጇ ለሳምንታት ከተሸሸጉበት ከነኤልናታን ጎተራ አወጣቸው። ኤልናታን እያለቀሰ ጋሪውን እስከ ወንዙ ተከተለ። በዚያው ሳል ያዘው፤ እስኪሞት አልለቀቀውም።

«ሴት ባልሆን እናንተን አልለምንም ነበር» አለች መሂታቤል። «ዛሬም የቀረበው ያው ሸሪፍ ነው። አሳፍ፣ አንተ ዘንድሮ ዕድሜህ ደርሷል፣ መምረጥ ትችላለህ።»

«እማዬ፣ አባባ እኮ ገና አልተቀበረም። ሬሳ አስተኝቶ ከቤት የሚወጣ ማን አለ? ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ ሮዳ ስትወሰድም ምንም አላለም።»

«እህቴ፣ በጸሎት...» አለ ፊንሐስ።

«ጸልየናል። እኔም አብሬ ጸልያለሁ። ሸሪፉ ግን መጣ።»

አሳፍ አባቱን ለረጅም ጊዜ አየው።

«አባባ ቢሰማ ያዝንብኛል።»

«ያዝናል» አለች። ልትዋሸው አልፈለገችም።

«የሮዳ ልጅ ስሜን መጥራት ጀምሮ ነበር» አለ አሳፍ፣ ለማንም ሳይሆን። ኮቱን አነሳ። ፊንሐስ ሄዶ በሩ ላይ ቆመ፤ ልጁ በጎኑ አልፎት ወጣ።

ደስ ይላታል ብለው የጠበቁ ተሳስተዋል። መሂታቤል ወደ ባሏ ሄደች። መሐረቧን አወጣችና፣ ልጃቸው መንገዱን ሲሻገር እንዳያይ፣ የኤልናታንን ፊት ሸፈነችው።