ሽንኩርት የተጫነበት ዊልቸር

በድርጅቱ ውስጥ ሥራ አስኪያጇን በስሟ የሚጠራት የለም። ስትራመድ ጥድፊያ፣ ስታወራ ጥድፊያ፣ ሻይ እንኳ ቆማ ነው የምትጠጣው፤ ስለዚህ ሁሉም “ቶሎ ቶሎ” ይላታል። ድርጅቱ መራመድ ለማይችሉ ሰዎች ዊልቸር እየገጣጠመ በነፃ ይሰጣል። እሷም ዛሬ አንዱ ሰፈር አድላ፣ ፎቶ አስነስታ፣ ነገ ሌላው ሰፈር ናት። ገንዘብ የሚሰጡት ለጋሾችም በዚህ ይወዷት ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት በአውቶቡስ ወደ ሥራ ስትሄድ በመስኮት ያየችውን ማመን አቃታት። ገበያው ጥግ ላይ አንድ ሰማያዊ ዊልቸር ቆሟል። የድርጅቱ ምልክት ከጀርባው ተለጥፏል፤ መቀመጫው ላይ ደግሞ ሽንኩርት እስከ መደገፊያው ድረስ ተከምሯል።

“ወራጅ አለ” አለች። ፌርማታ አልነበረም፤ ሾፌሩ እየተነጫነጨ አወረዳት።

ባለ ሽንኩርቷ ቀና ብላ አየቻት። “ስንት ኪሎ ልመዝንልሽ?”

“ሽንኩርት አልፈልግም። ይሄ ዊልቸር የማን ነው?”

“የባሌ ነዋ።”

“ባልሽስ የት አለ?”

“ቤት፣ አልጋው ላይ።”

“እሱ አልጋ ላይ፣ ሽንኩርቱ ዊልቸር ላይ?”

ሴትየዋ አልደነገጠችም። “ምን ላድርግ እህቴ? ሽንኩርቱን በቅርጫት ይዤ ደረጃውን እወርዳለሁ። ባሌን በቅርጫት አላወርደው።”

“ከድርጅቱ ነኝ፤ እስቲ ደረጃውን አሳዪኝ” አለቻት ሥራ አስኪያጇ። ሴትየዋም ንግዷን ለጎረቤቷ አደራ ብላ ወደ ቤቷ ወሰደቻት።

ቤቱ አከራይ ግቢ ውስጥ፣ ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ የቆመ አንድ ክፍል ነው። ከበሩ ሥር ቀጥ ያለ የሲሚንቶ ደረጃ አለ። ባልየው ፀጉር አስተካካይ ነበር። ከሞተር ሳይክል ወድቆ እግሮቹ አልታዘዝ ካሉት ወዲህ፣ ከዚያ ክፍል የሚወጣው ሐኪም ቤት ሲሄድ ብቻ ነው፤ ያውም በሰው ጀርባ። ጺሙን ግን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቷል።

“ወንበሩስ ግሩም ወንበር ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ” አላት። “የሰጣችሁኝ ቀን ታች ግቢው ውስጥ አስቀምጣችሁ ፎቶ አነሳችሁኝ። እናንተ ስትሄዱ እኔን ተሸክመው ወደ ላይ አወጡኝ፣ ወንበሩ እዚያው ታች ቀረ።”

ያን ፎቶ ታውቀዋለች፤ ቢሮዋ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ ከአልጋው ጫፍ ቁጭ አለችና፣ “ምን ብናደርግልህ ነበር የሚሻለው?” ብላ ጠየቀችው።

“መውጣት ነው የምፈልገው” አለ። “ወጥቼ የሰው ፀጉር መቁረጥ። እሷ ገበያ ስትውል እኔ እዚህ የጣሪያ ቆርቆሮ ስቆጥር መዋሉ ሰለቸኝ።”

በማግስቱ የድርጅቱን አናጢ ይዛ መጣች። አናጢው ደረጃውን ለካና፣ ግድግዳውን ተጠግቶ ቀስ እያለ የሚወርድ ሰፊ የጣውላ መንገድ እንደሚሠራ ነገራቸው። ይሄኔ አከራይዋ አሮጊት ከዘራቸውን ተደግፈው ብቅ አሉ።

“እኔ ግቢ ሸርተቴ አይሠራም። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሲንሸራተት ሊውል ነው።”

“እማማ፣ ይሠራና ይሞክሩት። ካልወደዱት በገዛ እጄ አፈርሰዋለሁ።”

አሮጊቷ ቁልቁል ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማዋን አዩ። “በዚህ ጫማሽ?”

ሥራው ሲያልቅ ግን መጀመሪያ የወጡበት እሳቸው ናቸው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ያንን ክፍል ካከራዩት ጀምሮ ደጁን ረግጠውት አያውቁም። ወጡ፣ ገቡ፣ ዙሪያውን ቃኙ፤ “ግድግዳዬን አጥቁራችሁታል” ብለው ወረዱ። ይፍረስ አላሉም።

ፀጉር አስተካካዩም ወርዶ ገበያው ውስጥ ከሚስቱ ጎን ሥራ ጀመረ። ተቀምጦ ስለሚቆርጥ፣ አናጢው ለደንበኞቹ እግሯ አጠር ያለ በርጩማ ሠራለት። ይሄኔ ደግሞ ሚስትየው ተነሳች። “የኔስ ሽንኩርት መሬት ይደፋ?” አለች። ነገሩ እውነት ስለነበር ከአሮጌ ጎማዎች ቀለል ያለ ጋሪ ተሠራላት። ጋሪውን ያየች ባለ ቲማቲም “ለኔም” አለች፤ ባለ ድንችም ተከተለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ድርጅቱ ጋሪ ሠርቶ መሸጥ ጀመረ፤ ትርፉም ዊልቸር ለወሰዱ ሰዎች ደጅ ማስተካከያና በር ማስፊያ ዋለ። ቶሎ ቶሎም በፊት ዊልቸር ያደለቻቸውን ሰዎች ቤት ለቤት እየዞረች ጠየቀች። አንዱ ዊልቸር ላይ የታጠበ ልብስ ተሰጥቶበት አገኘች፣ ሌላው ላይ ድመት ወልዳበት።

ዓመቱ ሲያልቅ የለጋሾቹ ተወካይ፣ አንድ ትልቅ ሰው፣ ሊጎበኙ መጡ። ዘንድሮ የታደለው ዊልቸር ከአምናው ማነሱ አላስደሰታቸውም። “ምን ነካችሁ? ደከማችሁ እንዴ?” አሏት። እሷም ክርክሩን ትታ ከፀጉር አስተካካዩ ጋር ላገናኛቸው ብላ ወደ ገበያው ወሰደቻቸው።

ሲደርሱ ሚስትየው ብቻዋን ናት።

“ባልሽስ?”

“እኔ ምን አውቄ” አለች በምሬት። “ድሮ የት እንዳለ አውቅ ነበር። አሁን ደንበኛ ቀዝቀዝ ሲል እብስ ነው። አንዴ ወንድሙ ጋ፣ አንዴ ኳስ ሜዳ። ስልኩንም አያነሳ።”

ተወካዩ ግራ ተጋብተው ወደ ቶሎ ቶሎ ዞሩ። “እሱን ልናነጋግር አልነበር የመጣነው?”

“ነበር” አለች፤ ፈገግታዋን መደበቅ አልቻለችም። “ግን የለም። ወጥቷል።”

ሰውየው አንዴ እሷን፣ አንዴ ባዶዋን በርጩማ አዩ። ከዚያ ጆሯቸው ላይ የወረደውን ፀጉር ዳበስ ዳበስ አደረጉና ጎንበስ ብለው ተቀመጡ።

“መቼም ይመለሳል” አሉ። “እጠብቀዋለሁ።”