የአስካለ ድምፅ

አስካለን እግዜር ሲሠራት አልሰሰተም፤ ትከሻዋ በር ይሞላል። አገሯ ጎጃም ሳለች ስትጣራ ወንዝ ማዶ ይሰማ ነበር።

አሁን ዓረብ አገር፣ ሸይኽ ዛይድ በሚባል ከተማ፣ የምትሠራበት ቤት ልጅ፣ ሊና፣ የቤት ሥራዋን ከደብተሯ ጮክ ብላ ታነባለች። «የትልቅ እንስሳ ድምፅ ወፍራም ነው፤ የትንሽ እንስሳ ቀጭን። አንቺ ዝሆን ነሽ፣ አስካለ!»

ሁለቱም ሳቁ።

ማዳም ከፎቅ ወረደች፤ ንፋስ የሚወስዳት የምትመስል ቀጫጫ ሴት ናት። አስካለ ሦስት ቀን አምቃ የያዘችውን ተነፈሰች። «ማዳም፣ እናቴ እያጣጣረች ነው። ፓስፖርቴን ይስጡኝና ልድረስባት።»

«ኸላስ፣ በቃ! ውልሽ ሳያልቅ የትም አትሄጂም!» ቤቱ በማዳም ጩኸት ተናወጠ።

«ሃዲር፣ ማዳም» አለች አስካለ። እሺ ማለቷ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ደረት የወጣው ድምፅ ግን አይጥ ሲጥ ያለች ይመስል ነበር።

ሊና አስካለን አየቻት፤ ደብተሯንም አየች። «መምህራችን ተሳስታለች» አለችና ስለ ትልቅና ትንሽ እንስሳ ድምፅ የሚለውን መስመር በላጲስ ማጥፋት ጀመረች።